የተቀረጸ ዱባ፦ ቶሎ እንዳይበሰብስ፣ ወደ ድስትም እንዳይገባ
በጀፕና በአካባቢው ለሚኖሩ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ የጤና መረጃ

የጥቅምት ወር እየገፋ ሲሄድ በጆሃንስበርግ በብዙ ትምህርት ቤቶች፣ መዋዕለ ሕፃናትና የገበያ አዳራሾች ዱባ ይቀረጻል። ልጆች የዱባውን ሆድ ያወጡና ዓይንና አፍ ቆርጠውለት ውስጡ መብራት ያስቀምጣሉ። ሃሎዊን የሚባለው ይህ ልማድ ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ነው። አየርላንዶች ድሮ ይቀርጹ የነበረው ሥራ ሥር ነው፤ ዱባ የተተካው አሜሪካ ከገቡ በኋላ ነው። ቀኑ ኦክቶበር 31 ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 21፣ የማርያም ዕለት ላይ ይውላል። በዓሉን የማይቀበሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ያንን መወሰን የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ልጅዎ የቀረጸው ዱባ ቤት ከገባ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ብቻ ነው።

ጽሑፉን ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝ አንድ የክሊኒክ ቀን ነው። አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ከሌሊት ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋልም። ሐኪሙ ምን እንደበላ ጠየቀ፣ እኔም አስተረጎምኩ። «ዱባ ወጥ» አለች። ሐኪሙ ቀጠለና ዱባው ከየት እንደተገዛ ጠየቃት። ዝም አለች፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብላ በአማርኛ «ከትምህርት ቤት ያመጣው ነው፤ አምስት ቀን ፍሪጁ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መጣሉ ነውር መስሎኝ ሻጋታውን ልጬ ሠራሁት» አለችኝ። ዱባው እንዳይበሰብስ ተብሎ በበረኪና ውሃ ተነክሮ እንደነበረ ያወቅነው በኋላ፣ ከልጁ ቦርሳ የወጣው ወረቀት ሲነበብ ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። ልጁ በጨውና በስኳር ውሃ አገገመ። ሕመሙ ከሻጋታው ይሁን፣ ከበረኪናው ይሁን፣ ወይም ያለ ብርድ ከቆየበት አምስት ቀን ይሁን፣ ማንም በእርግጠኝነት ሊለይ አልቻለም።

እናትየዋ አልተሳሳተችም ማለት አልችልም፤ ግን ልብዋን አውቀዋለሁ። በእኛ ቤት ምግብ አይጣልም፤ ያውም ዱባ፣ የጾም አለኝታ! ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቢላዋ ሳይነሳ አንድ ነገር ይወስኑ፦ ይህ ዱባ ለዓይን ነው ወይስ ለአፍ? ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው፣ ለዕይታ የሚቆይ ዱባና ለወጥ የሚቆይ ዱባ አያያዛቸው የተለያየ ነው። አንዱን የሚያቆየው ነገር ሌላውን መርዝ ሊያደርገው ይችላል።

ዱባ ከተቆረጠ በኋላ ለምን ይበሰብሳል?

ሙሉ ዱባ የሚቆየው በልጣጩ ነው። ልጣጩ ጠንካራና ሰም መሰል ሽፋን ያለው ስለሆነ ውሃውን ወደ ውጭ አያስወጣም፣ ሻጋታውንም ወደ ውስጥ አያስገባም። እጀታው ሳይሰበር፣ ልጣጩ ሳይቧጨር፣ ደረቅና ነፋስ የሚያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ላይ የተቀመጠ ዱባ ሁለት ሦስት ወር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይቆያል። እዚህ ገበያ የሚገኘው ነጩና ጠፍጣፋው የቦር ዱባ በተለይ ልጣጩ ወፍራም ነውና ብዙ ይቆያል። ገጠር ያደጉ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ ዱባ ከጎተራ ጣሪያ ላይ ወይም ከቆጥ ላይ የሚሰቀለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቢላዋ ሲገባበት ግን ነገሩ ይለወጣል። የዱባ ሥጋ ከመቶ ዘጠና እጁ ውሃ ነው፣ ስኳርም አለበት። ቆዳው እንደተገፈፈ ቁስል ማለት ነው። ሻጋታ ከአየር ላይ ያርፍበታል፤ ባክቴሪያ ከእጅ፣ ከቢላዋና ከጠረጴዛ ይገባበታል፤ ውሃው ደግሞ በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ይተንና ዱባው ይጨማደዳል። ከሁሉ ቀድሞ የሚሻግተው ውስጡ የቀረው ጭረትና ፍሬው የተያያዘበት ለስላሳ ክፍል ነው።

በኢንተርኔት የሚታየው ምክር አብዛኛው የሰሜን አሜሪካ ምክር ነው። እዚያ ጥቅምት ብርድ የሚገባበት ወር ስለሆነ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ዱባ እንደ ፍሪጅ ውስጥ ይቀዘቅዛል። ጆሃንስበርግ ግን ጥቅምት ላይ ጸደይ ነው። ቀኑ ይሞቃል፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ ይጀምራል። ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ሻጋታ የሚፈልገው ሁሉ ተሟላለት ማለት ነው። በተጨማሪም በዚህ አገር ዱባ በብዛት የሚሰበሰበው በበልግ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በጥቅምት የሚገዙት ዱባ ወራት የቆየ ሊሆን ይችላል። እዚያ ሳምንት የሚቆየው እዚህ በሦስትና በአራት ቀን ቢያልቅ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

ለዕይታ የሚቀረጸውን ዱባ ማቆየት

ዋናው ዘዴ ዘግይቶ መቅረጽ ነው። ዱባው ለዓርብ የሚፈለግ ከሆነ ሐሙስ ማታ ይቀረጽ። ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት የለም። ሲገዙ እጀታው ያለውን፣ ሲጫኑት የማይሰረጉደውን፣ ከታች በኩል ውሃ ያልቋጠረውን ይምረጡ። ቤት ሲደርስ በሳሙናና በውሃ ያጥቡትና ያድርቁት።

ከፍተው ሆዱን ሲያወጡ ጠንካራ የብረት ማንኪያ ይጠቀሙና ግድግዳው ለስላሳ እስኪሆን ይፋቁት። ጭረት የቀረበት ዱባ በሁለተኛው ቀን ነጭ ጸጉር ያበቅላል። እዚህ ላይ ለእነዚያ መጣል ለሚከብዳቸው እናቶች መልካም ዜና አለ፦ ዱባው ደህና ከሆነ፣ እጅዎና ቢላዋው ንጹሕ ከሆኑ፣ በዚያው ሰዓት ፈልፍለው ያወጡት ሥጋ ጤናማ ምግብ ነው። በረኪና ሳይነካው፣ ሌላ ነገርም ሳይደረግበት ወዲያውኑ ወደ ድስት ይግባ ወይም ፍሪጅ ይግባ። ፍሬውም ታጥቦ ይቆላል። (የዱባ ፍሬ ለኮሶ ትል ይሰጥ እንደነበረ አውቃለሁ። ኮሶ ከታየብዎ ግን ክሊኒክ ሄደው መድኃኒት ይውሰዱ።) ከዚያ ሰዓት በኋላ የቀረው ቅርፊት ጌጥ እንጂ ምግብ አይደለም።

ጌጡን ለማቆየት ብዙ ሰዎች በረኪና ይጠቀማሉ፤ ይሠራልም። በረኪና ላዩ ላይ ያለውን ሻጋታና ባክቴሪያ ይገድላል። መጠኑ ለአራት ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። እዚህ የሚሸጠው ጂክ አሜሪካ ከሚሸጠው ቀጠን ያለ ስለሆነ ሁለት ማንኪያ ቢሆን ግድ የለም፤ ከዚያ በላይ ጥቅም የለውም። ዱባውን አሥር ደቂቃ ያህል ይንከሩት፣ ከዚያ ገልብጠው ያንጠፍጥፉትና በጨርቅ ያድርቁት። እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ ልፋቱ ከንቱ ነው። ከደረቀ በኋላ የተቆረጠውን ጠርዝ ስስ ቫዝሊን ቢቀቡት ውሃው ቶሎ አይተንም፤ ነገር ግን ቫዝሊን ይቀጣጠላልና ሻማ የሚገባበት ዱባ ላይ አይቀባም።

በረኪናውን ሲጠቀሙ መስኮት ይክፈቱ፣ ጓንት ያድርጉ፣ ልጆችን ያርቁ። ሊጥ የሚቦካበትን ወይም የሕፃን ገላ የሚታጠብበትን ሳፋ አይጠቀሙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ፣ አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። በጀፕ ፎቆች ውስጥ ብዙዎቻችን የምንኖረው መስኮት በሌለው በተከፈለ ክፍል ነው። ሰፊ ቤት ውስጥ ሳል ብቻ የሚያስከትል ጋዝ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ራስ ሊያስት ይችላል። «ይበልጥ እንዲያጸዳ» ብሎ መቀላቀል የተለመደ ስለሆነ ነው ይህን አጥብቄ የምጽፈው።

የተረፈውን በረኪና በኮካ ወይም በውሃ ጠርሙስ አያስቀምጡ። ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ጽሑፉን አያይም። ልጅ በረኪና ከጠጣ እንዲያስመልስ አያድርጉት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ እንደገና ያቃጥላል። አፉን በውሃ ያጉመጥምጡት፣ ጥቂት ውሃ በትንሽ በትንሹ ይስጡትና ወዲያው ይደውሉ። የደቡብ አፍሪካ የመርዝ መረጃ ስልክ 0861 555 777 ሲሆን ቀንና ሌሊት ይሠራል። አተነፋፈሱ ከተቸገረ ወይም መዋጥ ካቃተው ስልክ ላይ አይቆዩ፣ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ቀን ቀን ዱባው ፀሐይና ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ፍሪጅ አናት ላይ አያስቀምጡት፤ እዚያ ሞቃት ነው። ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር ዕድሜው ይጨምራል የሚባለው እውነት ነው። ነገር ግን በረኪና የነካው ወይም መሻገት የጀመረ ዱባ ከወጥና ከወተት ጋር አንድ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። አብዛኞቻችን ያለን ደግሞ አንድ ትንሽ ፍሪጅ ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ይደር፣ ይበቃዋል።

ሌላም መንገድ አለ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ጭራሽ አይቁረጡት። ልጁ በከሰል ዓይንና አፍ ይሳልበት። ያልተቆረጠ ዱባ ለሳምንታት ምንም አይሆንም። በዓሉ ሲያልፍ ይታጠባል፣ ይላጣል፣ ወጥ ይሆናል። የሚጣል የለም፣ የሚቆረጥ ጣትም የለም።

ቢላዋና ሻማ

ዱባ ሲቀረጽ የሚደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ የእጅ መቆረጥ ነው። የቦር ዱባ ልጣጭ እንጨት ነው ማለት ይቻላል። ቢላዋው ይያዛል፣ በኃይል ሲገፉት ድንገት ይለቅና ሌላውን እጅ ያገኛል። ዱባውንም እጅዎንም ያድርቁ፤ ትንሽ ቢላዋ ይያዙ፤ ቢላዋው ሁልጊዜ ከሰውነትዎ ወደ ውጭ ይሂድ። ልጁ ይሳል፣ ትልቅ ሰው ይቁረጥ።

ከተቆረጡ ንጹሕ ጨርቅ አድርገው ለአሥር ደቂቃ ሳያነሱ ይጫኑት፣ እጅዎንም ከልብዎ ከፍ ያድርጉ። ቁስሉ ላይ ቡና አይነስንሱ። እናቶቻችን ያደርጉት ነበር፣ ደሙም የቆመ ይመስላል፤ ነገር ግን የቡና ዱቄት ቁስሉ ውስጥ ቆሻሻ ያስገባል፣ ሐኪሙም ለመስፋት መጀመሪያ ያንን ሲያጥብ ይውላል። ደሙ ካልቆመ፣ ጣትዎን ማጠፍ ወይም መዘርጋት ካቃተዎ፣ ወይም ጫፉ ከደነዘዘ ጅማት ወይም ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ዕለት መታየት አለብዎ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ እንደወሰዱ የማያስታውሱ ከሆነም ይህንኑ ይንገሩ።

ውስጡ የሚገባው መብራት በባትሪ የሚሠራ ይሁን። የሻማ ሙቀት ዱባውን ከውስጥ ያበስለዋል፤ የበሰለ ዱባ ደግሞ በአንድ ሌሊት ይሟሟል። ይህ ትንሹ ምክንያት ነው። ትልቁን ምክንያት ሁላችንም እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 2023 ሌሊት ከጀፕ ብዙም በማይርቀው ማርሻልታውን፣ ዩሲንዲሶ በተባለው ሕንፃ በተነሳ እሳት ከ70 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የዚያ እሳት መነሻ ዱባም ሻማም አልነበረም። ነገር ግን ክፍሎች በእንጨትና በካርቶን በተከፈሉበት፣ መውጫው በጠበበበት ፎቅ ላይ የሚበራ ነገር ምን እንደሚያደርግ አሳይቷል። መጋረጃ አጠገብ፣ የጨርቅ ሸቀጥ በተደረደረበት ክፍል ውስጥ ሻማ የያዘ ዱባ አይቀመጥ።

ለወጥ የሚቀመጠው ዱባ

በጀፕ መንገድ ላይና በሱቆች ዱባ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይሸጣል። ሩብ ዱባ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃልና ይገዛል። ከመግዛትዎ በፊት ገልብጠው ይዩት። የተቆረጠው ፊት ደረቅና ጠንካራ መሆን አለበት። የሚያሟልጭ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ውሃ የቋጠረ፣ የጠጅ ጠጅ ወይም የኮምጣጤ ሽታ ያለው ከሆነ ይተዉት። ፀሐይ ላይ የዋለውንም ይተዉት። ቤተሰብዎ ትልቅ ከሆነ ወይም ከጎረቤት ጋር መካፈል ከቻሉ ሙሉውን መግዛት ይሻላል። ሙሉው ይቆያል፣ በኪሎም ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

የተቆረጠውን ፍሬውንና ጭረቱን አውጥተው፣ ሳያጥቡ፣ ጠቅልለው ፍሪጅ ያስገቡ። የሚታጠበው ሊሠራ ሲል ነው። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ይጠቀሙበት። ካልደረሱበት ቀቅለው ወይም ወጡን ሠርተው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት። የበሰለው ወጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ለማቆየት ብሎ ጥሬ ዱባን በበረኪና ወይም በሌላ ማጽጃ መንከር ክልክል ነው። ዱባ እንደ ስፖንጅ ይመጣል፣ ታጥቦም አይወጣለትም።

መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አይክፈቱ። ተዘግቶ የቆየ ፍሪጅ ለአራት ሰዓት ያህል ብርዱን ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር እስከ ሁለት ቀን፣ ግማሽ የሆነ እስከ አንድ ቀን ይቆያል። ከአራት ሰዓት በላይ ከጠፋ የበሰለ ምግብ፣ ሥጋና ወተት ይጣሉ። ሽታው ደህና ነው ብሎ መተማመን አይበቃም።

የሻገተ ዱባ ላይ የሻጋታውን ቦታ ቆርጦ ቀሪውን መብላት ይቻላልን? እኔ የምሰጠው ምክር አይበላ ነው። ላዩ ላይ የምናየው አበባው ነው፤ ሥሩ ውሃማው ሥጋ ውስጥ ገብቷል። መፍላት ሻጋታውን ቢገድልም አንዳንድ ሻጋታ የሚያወጣውን መርዝ አያጠፋውም። ስለ እንጀራም ስለሚጠየቅ፣ ለእሱም ይኸው ነው። እንጀራ ዓይኑ ሁሉ ክፍት ነውና አንድ ጥግ ከሻገተ ሻጋታው የደረሰበትን በዓይን መለየት አይቻልም።

መራራ ዱባም አለ። ሲቀምሱት የሚመር ዱባ ወይም ቅል ከሆነ ይትፉት፣ ወጡንም ይድፉት። ምሬቱ የሚመጣው ተክሉ ራሱን ለመከላከል ከሚሠራው ንጥረ ነገር ሲሆን ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ ምግብ ማብሰልም በርበሬ ማብዛትም አያጠፋውም። ለጌጥ ብቻ የሚሸጡ ትናንሽ፣ ዥንጉርጉርና ኪንታሮታም ዱባዎች ብዙ ጊዜ ከዚህ ዓይነት ናቸው። ምግብ መሆናቸው ካልተጻፈ አይብሉ።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ኤችአይቪና ስኳር ያለበት ሰው ቤት ካለ ጥንቃቄው በእጥፍ ይሁን። በዚህ አገር ከ2017 እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ከ1,000 በላይ ሰዎችን አሳሞ ከ200 በላይ ገድሏል። ከታመሙት መካከል ብዙዎቹ ከእናታቸው ማኅፀን የያዛቸው አራስ ሕፃናት ነበሩ። መነሻው ፖሎኒ የተባለው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሥጋ እንጂ ዱባ አልነበረም። ትምህርቱ ግን ለእኛም ፍሪጅ ይሠራል፦ ሊስቴሪያ በብርድም ውስጥ ይራባል። ብርድ ጊዜ ይገዛል እንጂ አይገድልም። የቆየ ወጥ ሲሞቅ እስኪንተከተክ ይፍላ።

ሲበሰብስ እንዴት ይጣል?

የተቀረጸው ዱባ ሲለሰልስ፣ ሳይፈርስ ያውጡት። ጓንት አድርገው በሁለት ፌስታል ጠቅልለው ይሰሩት፤ የነበረበትን ቦታ በሳሙና ያጥቡ። አስም ያለበት ልጅ ካለ ዱባው የሚያድርበት ክፍል ውስጥ ባይቀመጥ ይመረጣል፤ ሻጋታው ደረቅ ዱቄት ሆኖ ሲበተን ሳልና ማፈን ያስነሳል። ደረቁን አይጥረጉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ይሰብስቡት።

በረንዳና ደረጃ ላይ ወይም የፒኪታፕ መኪና ከሚመጣበት ቀን ቀድሞ መንገድ ዳር አይተዉት። የበሰበሰ ዱባ አይጥ ይጠራል፤ አይጥ ደግሞ ሰው መንገድ ላይ የሚሸጠውን የአይጥ መርዝ እንዲገዛ ያደርገዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካለው ሁሉ ሕይወት የሚያጠፋው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በሶዌቶ ናሌዲ ስድስት ልጆች ሞተዋል። በምርመራ የተገኘው ተርቡፎስ የተባለ ለእርሻ የሚውል ፀረ ተባይ ነው። ይህ መርዝ በትናንሽ ፌስታል ተቋጥሮ ለአይጥ ተብሎ በየመንገዱ ይሸጥ ነበር፣ አንዳንዶች ሃሌፒሪሚ ይሉታል። ከዚያ በኋላ በሎኬሽን ሱቅ ባላቸው ወገኖቻችን ላይ የመጣውን ፍተሻና የምዝገባ ግዴታ መድገም አያስፈልግም። በቤትም በሱቅም፣ ምግብ ባለበት ቦታ ይህ መርዝ አይግባ። ወጥመድ ይጠቀሙ፣ ቀዳዳ ይድፈኑ፣ ቆሻሻ ቶሎ ያውጡ።

ልጅ እንዲህ ያለ መርዝ ከነካ ወይም ከበላ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ደቂቃ የሚባክንበት ጊዜ አይደለም። ከሞባይል 112፣ ለአምቡላንስ 10177 ይደውሉ፤ አምቡላንስ ከዘገየ በተገኘው መኪና ይውሰዱት። የመርዙን ፌስታል ልጆች በማይደርሱበት ነገር አሽገው ይዘው ይሂዱ።

ምግብ ከተስማማዎ ውጭ ሲሆን

ተራ ትውከትና ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ በቤት ይድናል። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም የተስተካከለ እንጂ ያልተከመረ፣ ይበጥብጡ። ጨው አያብዙ። ለልጅ በትንሽ በትንሹ፣ ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይስጡት። የሚጠባ ከሆነ ጡት አይቋረጥ።

ደም ከታየ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ ወይም የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት። ነፍሰ ጡር ከሆኑና ትኩሳት ከያዘዎ ቀን አይጠብቁ። ወረቀት የለኝም ብለው አይቅሩ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው ድንገተኛ ሕክምና እንዳይከለከል ይደነግጋል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ጆሃንስበርግ የሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ወረቀት ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም በመንግሥት ሆስፒታል በነፃ እንዲታከሙ አዝዟል። በር ላይ የሚመልስዎ ሰው ቢያጋጥምዎ ይህን ይጥቀሱ፣ ኃላፊውንም ያነጋግሩ።

ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ የበላችሁትን ሁሉ ይናገሩ። ስንት ቀን እንደቆየ፣ ሻጋታ እንደነበረበት፣ በረኪና እንደነካው፣ የት እንደተገዛ። ብዙ ሰው ይህን ለአስተርጓሚው በሹክሹክታ ይነግረዋል እንጂ ሐኪሙ እንዲሰማ አይፈልግም፣ ቤቱ እንዳይናቅበት ነው። አስተርጓሚ የሰማውን ሁሉ ያስተረጉማል። ስለዚህ ጮክ ብለው ይንገሩት። ከልጁ ቦርሳ የወጣ ወረቀት ካለም ይዘው ይምጡ፣ አብረን እናነበዋለን።